ደጋ ላይ ያለፈ ብልሃት ቆላ ላይ ሞተር ይበላል

ሰኔ ሲቃረብ በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ትራክተር ያለው ሰው ሁሉ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ዝናቡ ሳይቀድመው ማሽኑን እርሻው ላይ ማድረስ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ዘሩ በወቅቱ መሬት ካልገባ ቀሪዎቹ ወራት የቱንም ያህል ቢያምሩ የባከነውን ቀን አይመልሱም። በዚህ ሰዓት አሮጌ ማሽን ሲታመም የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ይነሳል?» የሚለው ነው፤ «ምን ነካው?» የሚለው ሁለተኛ ይሆናል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ጋራዥ ውስጥ የተለመደ አጭር መልስ አለ። የሞተሩ የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀድዶ ዘይትና ውኃ ሲቀላቀሉ፣ ማቀዝቀዣውን ትቶ ዘይቱን በሌላ ቱቦ ማሳለፍ ነው። መካኒኮች «ባይፓስ ማድረግ» ይሉታል። ሥራው ረጅም ጊዜ አይፈጅም፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም አይጠይቅም። ማሽኑ ይነሳል፣ ይሞከራል፣ ተጭኖ ይሄዳል።

ችግሩ ጎንደር ላይ የተነሳው ማሽን የሚያርሰው ጎንደር ላይ አለመሆኑ ነው። በደጋው ብርድ ተሞክሮ «ደህና ነው» የተባለ ሞተር ከአዘዞ ተነስቶ፣ አይከልን አልፎ፣ ገንዳ ውኃና መተማ ሲደርስ የሚጠብቀው ሌላ አየር ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናየው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ባይፓስ መቼ ያዋጣል፣ መቼ ሞተር ያሳጣል፣ ሲደረግስ እንዴት ይደረጋል?

ሰንሰለቱ ከየት መጣ?

ባለ ሰንሰለት ትራክተር የተወለደው ጎማ በሚሰምጥበት መሬት ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቶክተን በተባለች ከተማ አካባቢ፣ ቤንጃሚን ሆልት የተባለው የእርሻ መሣሪያ ሠሪ የእንፋሎት ትራክተሩን የኋላ ጎማዎች አውልቆ በምትካቸው ሰንሰለት ገጠመ። የአካባቢው መሬት ለስላሳና ረግረጋማ በመሆኑ ከባዱን ማሽን ይውጠው ነበር። ሰንሰለቱ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፈው ማሽኑ ሳይሰምጥ መሄድ ቻለ። በ1925 የሆልትና የተፎካካሪው የቤስት ኩባንያዎች ተዋህደው ካተርፒላር የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ከጦርነቱ በኋላ ከባድ የመንገድ ማሽን በብዛት የገባበት አጋጣሚ በ1943 ዓ.ም የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ነው። በዚያው ዓመት መስከረም የዓለም ባንክ በጣሊያን ዘመን የተሠሩትን መንገዶች ለመጠገን 5 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር አበድሮ ነበር። ድንጋይ ለመግፋትም ሆነ ገደል ለመጥረብ ባለ ሰንሰለት ማሽን የግድ ነው። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በእርሻም በኩል ምክንያቱ ያው ነው። የመተማም ሆነ የደንቢያ ጥቁር መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጎማ ይዞ ያስቀራል። ጉቶ ለመንቀልም ሆነ ጠንካራ መሬት በጥልቀት ለመፈልፈል ሰንሰለት ያለው ማሽን ይመረጣል። እነዚህ ማሽኖች ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ሠሪው ሞዴሉን ማምረት ካቆመ አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላም ሞተሩ ይሠራል፤ የሚጠፋው መለዋወጫው ነው። ከሚጠፉት መለዋወጫዎች አንዱ የዛሬው ርዕሳችን የዘይት ማቀዝቀዣው ነው።

ማቀዝቀዣው ምን ይሠራል?

ናፍጣ ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ሆኖ የሚወጣው ሢሶ ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው ሢሶ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። የቀረው ሙቀት ሆኖ በውኃው፣ በዘይቱና በሞተሩ አካል በኩል መውጣት አለበት። ሰው ሁሉ ሙቀት የሚያወጣው ራዲያተሩ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ውኃው የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ፤ ኮሎ የሚባለውን የሞተሩን ዋና ዘንግ የተሸከሙት ብሮንዚኖችና የፒስተኖቹ የታችኛው ክፍል ሙቀታቸውን የሚያስረክቡት ለዘይት ነው። ስለዚህ ዘይት ሁለት ሥራ አለው፤ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛልም።

ዘይቱ የተሸከመውን ሙቀት የሚያራግፈው በዘይት ማቀዝቀዣው ነው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ትንሽ ራዲያተር ሲሆን ዘይቱ በውስጡ ሲያልፍ ነፋስ ያበርደዋል። ሁለተኛው በሞተሩ ጎን ወይም በራዲያተሩ የታችኛው ቋት ውስጥ የሚገጠም ሲሆን፣ በቀጫጭን ቱቦዎቹ ግድግዳ አንድ በኩል ዘይት፣ በሌላው በኩል ውኃ ያልፋል።

ባለ ሰንሰለት ትራክተር ከመኪና ይልቅ ይህ ክፍል ያስፈልገዋል። መኪና ሲሮጥ ነፋስ ያገኛል፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ያርፋል። ትራክተሩ ግን በሰዓት ጥቂት ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይጎትታል። ነፋስ የሚሰጠው የራሱ ማራገቢያ ብቻ ነው። ከኋላው የሚነሳው አቧራም ተመልሶ የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናቸዋል።

ሲሠራ ዘይት ወደ ውኃ፣ ሲያድር ውኃ ወደ ዘይት

በውኃ የሚበርደው ዓይነት ቱቦ ዝገት ሲበላው ወይም መንቀጥቀጥ ሲሰነጥቀው የሚሆነው ነገር ቅደም ተከተል አለው። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውኃው ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ውኃው ያልፋል፤ ራዲያተሩ ሲከፈት ላዩ ላይ ወፍራም ቅባት ተንሳፎ ይታያል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። የውኃው ግፊት ግን ሙቀቱ እስኪበርድ ይቆያል፤ ራዲያተሩም ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውኃው ወደ ታች ይጫናል። ያን ጊዜ ውኃ ወደ ዘይቱ ይገባል። ስለዚህ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሹፌሩ ማሽኑን አቁሞ ሲተኛ ነው።

ጠዋት የዘይት ልክ ማያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከታየ፣ ወይም ማታ ከነበረበት ልክ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ሞተሩን ማስነሳት አይገባም። ውኃ የገባበት ዘይት ብሮንዚኑንና ኮሎውን ለያይቶ የሚይዝ ሽፋን መሥራት አይችልም። ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ ሞተር የሚያስወርድ ድምፅ ነው።

ይሁን እንጂ ዘይትና ውኃ በተቀላቀሉ ቁጥር ጥፋተኛው ማቀዝቀዣው ነው ማለት አይደለም። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ፣ ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቆ፣ ወይም የላይነሮቹ ማኅተም ጎማ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር የሚደረግ ባይፓስ የሚሠራውን ክፍል ጥሎ የታመመውን ትቶ መሄድ ነው። ከባድ መሣሪያ የማይጠይቁ አራት ምርመራዎች አሉ።

የመጀመሪያው ማሽኑን አሳድሮ ጠዋት ሳያስነሱ የዘይት ማፍሰሻውን ታፖ በጥቂቱ ማላላት ነው። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ካለ ቀድሞ ይወጣል።

ሁለተኛው የምጣድ ምርመራ ነው። በጋለ ምጣድ ወይም ብረት ላይ የዘይት ጠብታ ሲያርፍ ንጹሕ ከሆነ ዝም ብሎ ይጨሳል። ውኃ ካለበት እንደ እርጥብ እንጨት እየተንጣጣ ይረጫል።

ሦስተኛው አቅጣጫውን ማየት ነው። ውኃ ዘይት ውስጥ ገብቶ ራዲያተሩ ውስጥ ግን ምንም ቅባት ከሌለ የላይነር ማኅተም ይጠረጠራል፤ እዚያ ያለው ዘይት ግፊት የለውምና ወደ ውኃው ሊሻገር አይችልም። ራዲያተሩ ውስጥ ብዙ ዘይት ከተገኘ ግን ጥርጣሬው ወደ ማቀዝቀዣው ያዘነብላል።

አራተኛውና የሚቆርጠው ምርመራ ማቀዝቀዣውን ፈትቶ መፈተን ነው። የዘይቱን አንድ አፍ ደፍኖ በሌላው በኩል በመጠኑ የታመቀ አየር መስጠትና ሙቅ ውኃ በያዘ ግማሽ በርሜል ውስጥ መንከር ነው። ቀዳዳ ካለ አረፋው ቦታውን ያሳያል። ውኃው ሙቅ መሆኑ ምክንያት አለው፤ በብርድ የተገጣጠመ ስንጥቅ ሲሞቅ ይከፈታል።

ባይፓስ ሲደረግ

ጥፋቱ የማቀዝቀዣው መሆኑ ከተረጋገጠና ምትኩ በእጅ ከሌለ ባይፓስ ይታሰባል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተር ያጠፋል፤ እርሱም ሁለቱን የዘይት አፎች በቡሎን መድፈን ነው። በብዙ ሞተሮች ከፖምፓው የሚወጣው ዘይት ወደ ብሮንዚኖቹ የሚሄደው በማቀዝቀዣው በኩል አልፎ ነው። አፉ ሲደፈን መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። አንዳንድ ሞተሮች ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ተከፍቶ የሚያሳልፍ ቫልቭ አላቸው። ሆኖም ለጊዜያዊ ሁኔታ የተሠራን አንድ አሮጌ ሞላ አምኖ የሞተሩን ዕድሜ በእርሱ ላይ ማንጠልጠል ተገቢ አይደለም።

ትክክለኛው አካሄድ ወደ ማቀዝቀዣው የሚገባውን መስመር ከሚወጣው ጋር ማገናኘት ነው። በነፋስ በሚበርደው ዓይነት ሁለቱን ቱቦዎች በአንድ ጎማ ማያያዝ ይበቃል። በሞተሩ ጎን ለሚታሰረው ዓይነት ቶርኖ ቤት ዘይቱን ከመግቢያ ወደ መውጫ የሚያሻግር ቦይ ያለው ሰሌዳ ይሠራለታል። በዚህኛው የውኃውም መንገድ መታሰብ አለበት። የሞተሩ ውኃ በማቀዝቀዣው በኩል አልፎ የሚዞር ከሆነ፣ የውኃው መስመርም ተገናኝቶ ዝውውሩ መቀጠል ይኖርበታል።

ጎማው የራዲያተር ጎማ መሆን የለበትም። የራዲያተር ጎማ ትኩስ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። የሚያስፈልገው ዘይትና ሙቀት የሚችል የሃይድሮሊክ ጎማ ነው። የውስጥ ስፋቱም ከቀድሞው ቱቦ ማነስ የለበትም። ከጭስ ማውጫው መራቅና ከሚፈትገው ብረት ተለይቶ መታሰር አለበት፤ በግፊት የሚረጭ ዘይት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ማሽኑ ከነሹፌሩ እሳት ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የተበላሸው ዘይት ሙሉ በሙሉ ይፈሳል፤ ፊልትሮው ይቀየራል። በርካሽ ዘይት ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ያለ ጭነት አሠርቶ እንደገና ማፍሰስ በየጥጋጥጉ የቀረውን ውኃ ያወጣል። የውኃው መስመርም ቅባቱ እስኪለቅ በሳሙና ውኃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። የራዲያተሩን ውስጥ የለበሰ ዘይት ሙቀት አያሳልፍም፤ ባይፓስ የተደረገ ሞተር ደግሞ ራዲያተሩ ካልረዳው ሌላ ረዳት የለውም።

ባይፓስ ጭራሽ የማይነካቸው ማሽኖችም አሉ። ቱርቦ ያለው ሞተር የቱርቦው ዘንግ የሚበርደው በዘይት ነው። ፒስተኖቹን ከሥር በዘይት ፉጨት የሚያበርድ ሞተርም እንዲሁ ነው። እነዚህ ማቀዝቀዣቸውን ካጡ ከባድ ጭነት ላይ ብዙ አይቆዩም። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ያለው የማስተላለፊያው ዘይት ማቀዝቀዣ ደግሞ ከሞተሩ የተለየ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ቁጥሩ ሲሰላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ወደ ሰሜን ወገራንና ዳባትን አልፈን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጓዝ የምናገኛት ደባርቅ 2800 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። መተማ ዮሐንስ ደግሞ ከ700 ሜትር ገደማ አትበልጥም። በደባርቅ ቀትር ላይ ጋቢ የሚያስደርብ አየር ባለበት ቀን መተማ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጦም ያልባል። የመጀመሪያው እርሻ በሚታረስበት በሚያዝያና በግንቦት የቆላው ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊደርስ ይችላል።

ማቀዝቀዣ የሌለው ሞተር ዘይት የሚበርደው በዘይት ቋቱና በሞተሩ አካል ላይ በሚያልፈው አየር ነው። ምን ያህል ሙቀት እንደሚራገፍ የሚወስነው በዘይቱና በአየሩ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። በምሳሌ እንየው። ባይፓስ የተደረገ ሞተር ደባርቅ ላይ አየሩ 15 ዲግሪ ሆኖ ሲሠራ ዘይቱ 110 ላይ ረጋ እንበል። ልዩነቱ 95 ነው። ሞተሩ በዚያው ጭነት 40 ዲግሪ ወዳለው ቆላ ሲወርድ፣ ያንኑ ልዩነት ለማግኘት ዘይቱ ወደ 135 መውጣት አለበት። የቆላው አየር ወፈር ያለ በመሆኑ ሙቀት በመውሰድ ጥቂት ያግዛል፤ ያም ሆኖ ዘይቱ ከ120 ዲግሪ በላይ መውጣቱ አይቀርም።

ይህ ምን ማለት ነው? ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ኤስ.ኤ.ኢ 40 የሚባለው ዘይት ወደ 130 ዲግሪ ሲጠጋ ውፍረቱ 100 ዲግሪ ላይ ከነበረው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የቀጠነ ዘይት በብሮንዚኖቹ ክፍተት በቀላሉ ይሾልካል፤ የግፊት መለኪያውም ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል ዘይት ሲግል ቶሎ ያረጃል። በሙያው የታወቀ ግምት አለ፤ የዘይቱ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ከ110 ወደ 130 ካደገ ዕድሜው ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ቀድሞ በየ200 ሰዓቱ ይቀየር የነበረ ዘይት በ50 ሰዓት ውስጥ አልቆለታል። ቀንና ሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ማሽን 50 ሰዓት የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ደጋውም ቢሆን ያለ ጣጣ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ መተማ ላይ 98 ዲግሪ ገደማ፣ ጎንደር ላይ 93 ገደማ፣ ደባርቅ ላይ 91 ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ አርጅቶ ግፊት የማይዝ ከሆነ የደጋው ውኃ ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ ባይፓስ የተደረገለትን ማሽን ደጋ ላይ የሚያሠራ ሰው ክዳኑን፣ ቺንጋውንና የራዲያተሩን ንጽሕና አስቀድሞ ማየት አለበት። ሆኖም ጋራዡ ደጃፍ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያለ ጭነት የተሞከረ ሞተር መተማ ላይ ሙሉ ቀን ስለመዋሉ የሚነግረን ነገር የለም።

ብርድ አገር ያወጣው መላ

ማቀዝቀዣን ማለፍ የጋራዥ ፈጠራ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ሠሪዎች ራሳቸው አስበውበታል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እገዛ ናዝሬት ላይ የተቋቋመው መገጣጠሚያ ካወጣቸው በኋላ «ቤላሩስ» በየአካባቢው የትራክተር መጠሪያ ሆኖ ነበር። በሶቪየት ኅብረት ከተሠሩት የቆዩ ትራክተሮች በአንዳንዶቹ ሞተር ላይ፣ ባለ ሰንሰለቱ ዲ.ቲ 75ን ጨምሮ፣ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የምትልክ ወይም የምታሳልፍ መዘውር አለች። ሁለት ምልክት ታይባታለች፤ አንዱ «በጋ»፣ ሌላው «ክረምት» የሚል ትርጉም ያለው የሩሲያ ፊደል ነው። በበጋው ዘይቱ በማቀዝቀዣው ያልፋል፤ በክረምቱ ማቀዝቀዣው ይዘለላል።

ሠሪው ባይፓሱን የፈቀደው ለምን እንደሆነ ማስተዋል ይጠቅማል። የእነርሱ ክረምት በረዶ ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ እንዳይወፍር ነው ማቀዝቀዣው የሚዘለለው። የእኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው፤ ለቆላ ትራክተር ደግሞ ዋናው የሥራ ወቅት። ስሙን ብቻ ሰምቶ ሐምሌ ላይ መዘውሯን ወደ «ክረምት» የሚያዞር ሹፌር ሳያውቀው ማቀዝቀዣውን ዘጋ ማለት ነው። በቆላው መዘውሯ ዓመቱን ሙሉ ያለባት «በጋ» ላይ ነው። ማቀዝቀዣን ማለፍ በሙያው የታወቀ ቢሆንም ቦታው ብርድ አገር መሆኑን ሠሪው በራሱ እጅ ጽፎታል።

ብድሩ የሚከፈልበት ቀን

ባይፓስ ብድር ነው። ደጋ ላይ ወለዱ ይቀላል፤ ቆላ ላይ አራጣ ይሆናል። ብድር ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ለቀላል ሥራ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በቀዝቃዛ አየር ባይፓስ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ዳባት ላይ የቀረውን መንገድ ለመጨረስ፣ ወይም ማሽኑን በራሱ ኃይል ወደ ጭነት መኪና ለማውጣት ያገለግላል። ለዚህ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው።

የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ዓይን ነው። የሚሠራ የዘይት ግፊት መለኪያና የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ቴርሞሜትር መገጠም አለበት። የውኃው ጌጅ አይበቃም፤ ውኃው ደህና መስሎ ዘይቱ ሊቃጠል ይችላል። ዘይቱ 120 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ግፊቱ ከወትሮው ከወረደ፣ ሥራ ይቆማል። ሲቆምም ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ መውረድ አይገባም፤ ግፊቱ እስካለ ድረስ ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ሙቀቱን ማውጣት ይሻላል። ግፊቱ ጨርሶ ከጠፋ ግን በቅጽበት መጥፋት አለበት።

ሁለተኛው ጭነት መቀነስ ነው። የማረሻው ጥልቀት ይቀነሳል፣ ማርሹ ዝቅ ይላል፣ ሥራው ወደ ሌሊትና ወደ ማለዳ ይዞራል። ሦስተኛው የዘይት መቀየሪያ ሰዓቱን ቢያንስ በግማሽ ማሳጠር ነው። የሞተሩ መመሪያ ለሞቃት አየር ወፈር ያለ ዘይት የሚፈቅድ ከሆነ እርሱን መጠቀም ያግዛል። ወፍራም ዘይት ግን ግፊትን ያነሳል እንጂ ሙቀትን አያወጣም፤ የጌጁ መርፌ ከፍ ማለቱ ሊያዘናጋ አይገባም።

አራተኛው መረሳት የሌለበት ነው፤ ማሽኑ ባይፓስ መደረጉን መጻፍ። ማሽን ከባለቤት ወደ ተከራይ፣ ከሹፌር ወደ ሹፌር ይተላለፋል። ጎንደር ላይ «ለጊዜው» ተብሎ የተገጠመ ጎማ ከሦስት ዓመት በኋላ የሞተሩ የተፈጥሮ አካል መስሎ ይታያል። መቼ፣ በማን፣ ለስንት ሰዓት ሥራ እንደተደረገ በቀለም ሞተሩ ላይ ቢጻፍ የሚቀጥለው ሰው ምን እንደያዘ ያውቃል።

ዘላቂው መንገድ

ምትክ ዕቃ የለም ማለት መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። በብዙ አሮጌ ማቀዝቀዣዎች ከበርካታ ቱቦዎች የሚቀደዱት ጥቂቶቹ ናቸው። ቀዳዳው በበርሜሉ ምርመራ ከታወቀ፣ የተጎዳውን ቱቦ በሁለቱም ጫፍ ደፍኖ ሌሎቹን ማሠራት ይቻላል። የሚቀንሰው የማቀዝቀዝ አቅም ከተደፈኑት ቱቦዎች ቁጥር ጋር የሚመጣጠን ነው። የመዳብና የነሐስ ማቀዝቀዣ በጥሩ ብየዳ ይጠገናል። ስታኞ ግን በቂ ጥንካሬ የሚኖረው ግፊትና ሙቀት ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ስለሆነ፣ ለትኩስ ዘይት በነሐስ መበየድ ይመረጣል። ከጥገና በኋላ እንደገና በአየር ሳይፈተን የሚገጠም ማቀዝቀዣ ካልተጠገነ አይሻልም።

ሌላው አማራጭ ከሌላ ከባድ መኪና የተገኘ በነፋስ የሚበርድ የዘይት ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት ማሰር ነው። የመስመሩ ስፋት ከቀድሞው እንዳያንስና ግፊቱን እንዲችል ከተጠነቀቁ፣ ይህ ከባይፓስ እጅግ ይሻላል። ውኃና ዘይትን ለዘለቄታው ስለሚለያያቸው ቅይጡም አይመለስም።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ጊዜው ነው። ማቀዝቀዣ በሰኔ አይመረመርም። መኸሩ ተሰብስቦ ማሽኑ ሲቆም፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ በአየር ተፈትኖ መግባት አለበት። በዚያ ወቅት ዕቃ ለማፈላለግ ጊዜ አለ፤ ቶርኖ ቤቱም ፋታ አለው። በማኅበር የተደራጁ ባለ ትራክተሮች አንድ የአየር መጭመቂያ፣ አንድ የግፊት መለኪያና አንድ ግማሽ በርሜል በጋራ ቢያዘጋጁ የሁሉንም ማሽን በተራ መፈተን ይችላሉ። የከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ለሠልጣኞቻቸው ከዚህ የተሻለ የተግባር ትምህርት የሚያገኙ አይመስልም።

አሮጌ ባለ ሰንሰለት ትራክተር ብዙ በደል ችሎ ይኖራል። ጭቃውንም፣ ድንጋዩንም፣ ጉቶውንም ይችላል፤ የማይችለው የጋለና የቀጠነ ዘይት ነው። ባለቤቱም ጋራዥ ቆሞ «ባይፓስ ይደረግ ወይስ ይጠገን?» ሲባል ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማሽኑ የሚሠራው የት ነው፣ ለስንት ሰዓት ነው፣ ዘይቱንስ ማን ያየዋል? የመጀመሪያው መልስ «ቆላ» ከሆነ የሚቀጥሉትን ሁለቱን መጠየቅም አያስፈልግም፤ ማቀዝቀዣው ይጠገን። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።